«ደህና ነኝ» የምትለው ነርስ እውን ደህና ናትን?

ከሌሊት ሥራ የተመለሰችን ነርስ «እንዴት ነሽ?» ብንላት መልሷ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ወገቧን እያመማት፣ እግሯ አብጦ፣ እንቅልፍ ካጣች ሰንብታም ቢሆን መልሷ ያው ነው። ባህላችን ነውና አንፈርድባትም። ነገር ግን ይህች ተራ የምትመስል ጥያቄ በሕክምና ሳይንስ ዘንድ ትልቅ ቁም ነገር ያላት መሆኗን የምናውቅ ስንቶቻችን ነን?

ተመራማሪዎች «ጤናዎ በጠቅላላው እንዴት ነው?» እያሉ ሰዎችን ይጠይቃሉ። መልሱ «እጅግ በጣም ጥሩ» ከሚለው እስከ «መጥፎ» ድረስ በአምስት ደረጃ የተከፈለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ሁለት ተመራማሪዎች 27 ጥናቶችን አገላብጠው ያወጡት ጽሑፍ እንደሚያስረዳው፣ «ጤናዬ መጥፎ ነው» ያሉ ሰዎች የታወቀ በሽታቸው ከግምት ገብቶም እንኳ የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ስለዚህ ሰው ስለ ራሱ ጤና የሚሰማውን በእውነት መናገሩ ቀላል ነገር አይደለም።

ነርሶች ደግሞ የሚሰማቸው ድካም ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1976 ከ121 ሺህ በላይ ነርሶችን መዝግቦ የተጀመረው ታላቅ ጥናት፣ ለብዙ ዓመታት በፈረቃ ሌሊት በሠሩት ላይ የልብ በሽታ በርከት ብሎ መታየቱን አመልክቷል። የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍልም የሌሊት ሥራን እ.ኤ.አ. በ2007 ካንሰር ሳያመጡ አይቀሩም ከሚላቸው ነገሮች ጋር መድቦታል፤ በ2019ም እንደገና መርምሮ በዚያው አጽንቶታል። ወገብንም በሚመለከት የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ባለሙያዎች በእጅ በሽተኛ ሲነሣ ክብደቱ ከ35 ፓውንድ እንዳይበልጥ ይመክራሉ። የአንድ አዋቂ ሰው ክብደት ከዚህ ስንት እጥፍ እንደሆነ ነርሷ ታውቀዋለች።

ለኛ ስደትና ነርስነት አዲስ አይደሉም። ልዕልት ፀሐይ በጣልያን ወረራ ዘመን እንግሊዝ አገር በስደት ሳለች የተማረችው ይህንኑ ሙያ ነው። ዛሬም ብዙ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን በዚሁ ሙያ ቤተሰብ ያስተዳድራሉ፤ አገር ቤት ላሉትም ይደርሳሉ። አንዱ ሥራ አልበቃ ብሎ ሁለተኛ የሚጨምሩም አሉ። ይሁን እንጂ የዓለም የጤና ድርጅት የኑሮን ጥራት የሚለካው በገንዘብ ብቻ አይደለም። አካልን፣ አእምሮን፣ ከሰው ጋር ያለንን ግንኙነትና የምንኖርበትን አካባቢ አንድ ላይ ይመለከታል። ሂሳቡ ሞልቶ ወገቡ የጎደለ ሰው ኑሮው ሙሉ ነው አይባልም።

እናንተ ነርሶች፣ ሌላውን መርምሩ እንደምትሉት ሁሉ እናንተም ተመርመሩ። በሽተኛ ማንሻ መሣሪያ ካለ ጊዜ የለኝም ብላችሁ አትለፉት። ሐኪም ፊት ስትቀርቡም «ደህና ነኝ» የምትለዋን ሰላምታ ደጅ ትታችኋት ግቡ።

እኛም ቤተ ዘመዶች ሌሊቱን ስትሠራ ያደረችን ሰው በቀትር ስልክ ደውለን አንቀስቅሳት። መጋረጃው ይዘጋ፣ ልጆቹን አንድ ሰው ይያዝላት። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው የሚባለው ለነርስም ጭምር ነው።