የልብስ ማጠቢያ መኪና ብናኝና የእርሻ መሬት

ጋቢና ነጠላ በታጠቡ ቍጥር ብናኝ ይረግፋቸዋል። ይህ የጥጥ ብናኝ ስለ ሆነ በአፈር ውስጥ ይበሰብሳል። ፖሊስተር፥ ናይሎንና አክሪሊክ የሚባሉት ጨርቆች ግን የፕላስቲክ ዘር ስለ ሆኑ ብናኛቸው ቶሎ አይበሰብስም። በእንግሊዝ አገር በፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ የተደረገው ምርመራ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2016 እንዳስታወቀው፥ 6 ኪሎ የአክሪሊክ ልብስ በመኪና አንድ ጊዜ ሲታጠብ ከ700,000 በላይ ብናኝ ሊለቅ ይችላል።

ይህ ነገር ገበሬን ምን ይነካዋል?

በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች እጣቢው ወደ ፍሳሽ ማጣሪያ ይወርዳል። ማጣሪያው አብዛኛውን ብናኝ ይይዛል፤ የቀረው ወደ ወንዝ ያልፋል። የተያዘውም ቢሆን ከዝቃጩ ጋር ይቀራል እንጂ አይጠፋም። ዝቃጩም በብዙ ስፍራ ለማዳበሪያ በእርሻ ላይ ይበተናል። እንግዲህ ከወንዙ የዳነው ብናኝ በገበሬው ማሳ ላይ ያርፋል ማለት ነው። ስለዚህ ብናኙን ከምንጩ፥ ከመኪናው ላይ መያዝ ይሻላል።

ፈረንሳይ በ2020 ባወጣችው ሕግ፥ ከ2025 መጀመሪያ አንሥቶ አዲስ የልብስ ማጠቢያ መኪና ሁሉ የብናኝ ማጥለያ እንዲኖረው ደነገገች። በካሊፎርኒያ ምክር ቤቱ ተመሳሳይ ሕግ ቢያጸድቅም፥ ገዢው ጋቪን ኒውሰም የገዢውን ሕዝብ ወጪ ያበዛል ብለው በ2023 ሳይፈርሙበት መለሱት። በካናዳ በፓሪ ሳውንድ ከተማ ግን በ97 ቤቶች መኪና ላይ ማጥለያ ተገጥሞ ሲመረመር፥ ከከተማው ማጣሪያ በሚወጣው ውኃ ውስጥ ያለው ብናኝ ቀንሶ ተገኘ።

የልማት ሠራተኞች የሚከተለውን ለሕዝብ ያስረዱ፤

1ኛ/ ማጥለያ ያለው ሰው የተጠራቀመውን ብናኝ በደረቁ አንሥቶ ከቆሻሻ ጋር ይጣል። በቧንቧ ውኃ ካጠበው ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

2ኛ/ መኪናው ሳይሞላ አይታጠብበት፤ ውኃውም ቀዝቃዛ ይሁን።

3ኛ/ በእጅ የሚያጥብ ሰው እጣቢውን ጥቅጥቅ ባለ የጥጥ ጨርቅ አጥልሎ፥ ከወንዝና ከምንጭ አርቆ ያፍስስ።

4ኛ/ የከተማ ፍሳሽ ዝቃጭ ለማዳበሪያ የሚቀርብለት ገበሬ፥ ከየት እንደ መጣና ምን እንዳለበት ሳይጠይቅ በማሳው ላይ አይበትን።

ውኃ የቆመበትን ብናኝ ማጥለል ይቻላል፤ ከአፈር ጋር የተቀላቀለውን ግን መልሶ የሚለቅም የለም።