የቢቸናና የሞጣ ገበሬ ግብሩን ስለ ምን እንቢ አለ?

በኅዳር 1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ከጥንት ጀምሮ ሲከፈል የኖረውን ዐሥራት ሽሮ ገበሬው እንደ ምርቱ መጠን እንዲገብር ያዘዘ ሲሆን፣ በወረቀት ሲነበብ ባለጸጋው አብዝቶ፣ ድኻው አሳንሶ የሚከፍልበት ርቱዕ ሥርዓት ይመስል ነበር፤ ይሁን እንጂ ምርቱን የሚገምቱ ሹሞች ወደ ምሥራቅ ጎጃም በዘለቁ ጊዜ ቢቸናና ሞጣ እንቢ ብለው ተነሡ።

የእንቢታው ምክንያት ከብሩ ይልቅ በርስቱ ጠባይ ላይ ይገኛል። ጎጃሜው በአባቱም በእናቱም ወገን ትውልዱን እየቆጠረ እስከ አቅኚው አባት ከደረሰ በኋላ ድርሻውን በሽማግሌ ፊት የሚጠይቅ በመሆኑ፣ መሬቱን የሚያጸናለት የምስክር ቃልና የሰው ትዝታ እንጂ የመንግሥት መዝገብ አልነበረም። በደቡብ አገር ምድሩ ቃላድ በሚባለው ገመድ እየተለካ ብዙው ከባለአገሩ እጅ መውጣቱን ሰምቶ ስለ ነበር፣ ዛሬ እህሉን የሚገምት ነገ ገመድ ይዞ እንደሚመለስ አልተጠራጠረም። ይህን ፍርሃት ድንቁርና የሚሉትን አልቀበልም፤ የተገኘው ከሌላው ሰው መከራ በተወሰደ ትምህርት ነውና።

የኤውሮጳም መንግሥታት በዚህ መንገድ አልፈዋል። የኦስትሪያ ገዥ የነበረው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ዮሴፍ ምድሩን አስለክቶ በ1789 (እ.ኤ.አ.) አንድ ወጥ ግብር ቢያውጅ መኳንንቱ ተነሡበት፣ አዋጁም እርሱ በሞተበት በ1790 ተሻረ። በዚያው በ1789 የፈረንሳይ ገበሬ የጌቶቹን የግብር መዛግብት አቃጠለ፤ ከዚያ አስቀድሞ ግን በየደብሩ አቤቱታውን በጽሑፍ እንዲያቀርብ ተጠይቆ ነበር። የቢቸናን ገበሬ ገማቹ ከመድረሱ በፊት ማንም አልጠየቀውም።

የጎጃም ጠቅላይ ግዛት ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ጠመንጃ እንዲመዘገብ ማዘዛቸውም ከኢጣሊያ ጠላት ጋር በዱር በገደል የተዋጋውን አርበኛ አስቆጥቶ ስለ ነበር፣ ነገሩ ከግብር ክርክር አልፎ ወደ ሽፍትነት ደረሰ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ቢልክም ሕዝቡን ማስገበር ስላልተቻለው ገዥው ተነሥተው ወደ ከፋ ተዛወሩ፤ ቆይቶም ከ1942 እስከ 1960 ዓ.ም. የነበረው ውዝፍ ግብር ተሰረዘ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ ርስትና ከገበሬው ግብር የመቀበል መብት የሆነው ጉልት ሁለቱም አበቁ፤ በ1989 ዓ.ም. ደግሞ በጎጃም መሬት እንደገና ተደለደለ፣ ኋላም የይዞታ ደብተር ተሰጠ። መሬት የምትለኩና የምትመዘግቡ ሹማምንት ሆይ፣ ሥራችሁን ከመጀመራችሁ አስቀድሞ ገበሬውንና የአገሩን ሽማግሌዎች በሸንጎ ጠይቁ።