ተጨማሪ መረጃ፦ የዓሣን ትኩስነት በቀለም የሚያሳይ ስስ ሽፋን

ከአርሲ ተራሮች የሚወርደው ከታር ወንዝ የዝዋይን ሐይቅ ይመግባል። ከሐይቁ የተጠመደ ቆሮሶ ወይም አምባዛ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው አሰላ ሲጓዝ በረዶ ካልተደረገበት፣ የስምጥ ሸለቆው ሙቀት መበላሸቱን ያፋጥነዋል።

ዓሣ ሲበላሽ ባክቴሪያዎች በሥጋው ውስጥ ያሉትን ናይትሮጅን አዘል ውሁዶች ሰባብረው አሞኒያና አሚኖች ያወጣሉ። እነዚህ ጋዞች ቤዝ ናቸው።

ተመራማሪዎች ይህንኑ ባሕርይ ተጠቅመውበታል። ከቀይ ጥቅል ጎመን የሚገኘውን አንቶሳያኒን የተባለ ቀለም ከስታርችና ከግሊሰሪን ጋር አዋህደው፣ አፍስሰው ያደርቁታል። የተገኘው ስስ ሽፋን በዓሣው ማሸጊያ ውስጥ ይቀመጣል። ጋዙ በሽፋኑ እርጥበት ውስጥ ሲሟሟ ፒ.ኤች. ይጨምራል፤ ሐምራዊው ቀለምም ወደ ሰማያዊ፣ ቀጥሎም ወደ አረንጓዴ ይለወጣል።

ሆኖም ቀለሙ አለመለወጡ ብቻ ዓሣው ከበሽታ አምጪ ተህዋስያን ነፃ መሆኑን አያረጋግጥም።

ይሞክሩት፦ ቀይ ጥቅል ጎመን ከትፈው በሙቅ ውኃ ይዘፍዝፉ። ውኃውን አጥልለው በሦስት ብርጭቆ ይክፈሉት። በአንዱ አቼቶ፣ በሌላው ቤኪንግ ሶዳ ይጨምሩና ከሦስተኛው ጋር ያነጻጽሩ። አቼቶው ያቀላዋል፤ ሶዳው ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ ይወስደዋል።