መደብሩ ኮምቦልቻ፣ ትምህርት ቤቱ ደሴ፤ ቤቱስ የት ይሁን?

ነጋዴ መደብር ሲከራይ የሚያደርገው ምርመራ ለሌላው ሰው ሁሉ ትምህርት ሊሆን የሚችል ነው። ቦታው የገበያተኛ መተላለፊያ መሆኑን፣ የጭነት መኪና እስከ ደጃፉ ሊደርስ መቻሉን፣ ጣራው የማያፈስ መሆኑን፣ ጎረቤቱ ምን እንደሚነግድና የውሉ ዘመን ስንት እንደሆነ አንድ በአንድ ያጣራል፤ ከዚያም በኋላ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ሒሳቡን ሳያሰላ አይፈርምም። ይኸው ሰው ግን ቤተሰቡን የሚያኖርበትን ቤት ሲመርጥ ብዙውን ጊዜ የኪራዩን ዋጋና የክፍሎቹን ቁጥር ጠይቆ ያበቃል። ከቤቱ እስከ መደብሩ፣ እስከ ልጆቹ ትምህርት ቤትና እስከ ባለቤቱ መሥሪያ ቤት በየቀኑ የሚጠፋው ሰዓት ግን በማናቸውም መዝገብ ላይ ሳይጻፍ ይቀራል።

ይህ ነገር በየትም አገር ያለ ሲሆን፣ በደሴና በኮምቦልቻ ግን ከሌላው ስፍራ ይልቅ ጎልቶ ይታያል። ሁለቱ ከተሞች በገበያ አንድ፣ በአየርና በአቀማመጥ ግን ሁለት ናቸው። ደሴ ከጦሳ ሥር ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትገኝ ኮምቦልቻ በ1,850 ሜትር ገደማ ላይ በሜዳው ተዘርግታለች። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ቢሆንም፣ ከ500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ በጥምዝምዝ የሚወጣና የሚወርድ ነው። በካርታ ላይ በጣት የለካው ሰው ቅርብ ነው ይላል፤ ጭነት ከያዘ ተሳቢ መኪና በስተኋላ ሆኖ ዳገቱን የወጣ ሰው ግን እንዲህ አይልም።

ሥራውና ኑሮው በሁለቱ መካከል የተከፈለበት ምክንያት ግልጽ ነው። ደሴ የቀድሞው የወሎ ጠቅላይ ግዛት ርእሰ ከተማ በመሆኗ መሥሪያ ቤቱ፣ ሆስፒታሉና ትምህርት ቤቱ ከጥንት ጀምሮ በዚያው ተሰባሰበ። በእቴጌ መነን እናት በወይዘሮ ስሂን ሚካኤል ስም የተሰየመውና ዛሬ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ የሆነው ትምህርት ቤት ስንቱን የነጋዴ ልጅ እንዳስተማረ የደሴ ሰው ያውቀዋል። ኮምቦልቻ ደግሞ የአሰብ መንገድ በባቲ በኩል የሚገነጠልባት ስፍራ ስለ ነበረች መጋዘንና ፋብሪካ ወደ እርስዋ አዘነበለ። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ጉምሩኩና ደረቅ ወደቡ በዚያ ነው፤ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀውም የኢንዱስትሪ ፓርክ የኮምቦልቻን የሥራ ክብደት ጨመረው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ እንኳ ዋናውን ግቢ በደሴ፣ የቴክኖሎጂውን ኢንስቲትዩት በኮምቦልቻ አድርጎ ተቀምጧል። ዩኒቨርሲቲው በሁለት ግቢ ሊኖር ይችላል፤ አንድ ቤተሰብ ግን እራቱን በሁለት ከተማ ሊበላ አይችልም።

እንግዲህ ሒሳቡን ለማየት አንድ ቤተሰብ እናስብ። አባትየው በኮምቦልቻ የሕንፃ መሣሪያ ይሸጣል፤ እናትየው በደሴ በሆስፒታል ነርስ ናት፤ ሁለቱ ልጆች በደሴ ይማራሉ። ከቤት እስከ መኪና መናኸሪያ በእግር 10 ደቂቃ፣ ሚኒባሱ ሞልቶ እስኪነሣ 15 ደቂቃ፣ መንገዱ ራሱ 40 ደቂቃ ይሁን። ይህም ለአንድ መንገድ 65 ደቂቃ፣ ለደርሶ መልስ 130 ደቂቃ መሆኑ ነው።

ቤተሰቡ ደሴ ቢኖር የሚመላለሰው አባት ብቻ ነው። በሳምንት 6 ቀን ሲሄድ 13 ሰዓት ይሆናል። ኮምቦልቻ ቢኖሩ አባትየው በእግሩ ሱቁ ይደርሳል፤ ነገር ግን እናትና ሁለት ልጆች በሳምንት 5 ቀን ይመላለሳሉና በጠቅላላው 32 ሰዓት ተኩል ይጠፋል። አባትየው «እኔ ከሱቄ አጠገብ ልኑር» ሲል የራሱን 13 ሰዓት አትርፎ የቤተሰቡን 32 ሰዓት ተኩል አክስሯል ማለት ነው። በንግድ ይህን የሚያደርግ ሸሪክ ቢኖር በዓመቱ መጨረሻ ሸርክናው ይፈርሳል።

ሒሳቡን በገንዘብም ማየት ይቻላል። የአንድ ሰው የአንድ መንገድ ዋጋ 60 ብር ነው እንበልና (አንባቢው በዚህ ፈንታ የዕለቱን ታሪፍ ያግባበት) ሦስት ሰዎች በወር 22 ቀን ሲመላለሱ 7,920 ብር ይወጣል፤ አባት ብቻውን 26 ቀን ሲመላለስ 3,120 ብር። ልዩነቱ 4,800 ብር ነው። ስለዚህ በኮምቦልቻ የተገኘው ቤት በወር በ2,000 ብር ረከሰ ተብሎ የሚደረገው ደስታ ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው።

«መኪና ገዝቼ እኔው አመላልሳቸዋለሁ» የሚለው መልስ ከሁሉ ይልቅ የተወደደ ነው፤ ከሁሉም ይልቅ የሚያታልለው እርሱ ነው። ኮምቦልቻ የሚኖረው አባት በጧት ልጆቹን ይዞ ወጥቶ ወደ ሱቁ ይመለሳል፤ ከሰዓት በኋላም ዳግመኛ ወጥቶ ይዟቸው ይወርዳል። ይህም በቀን አራት ጊዜ 40 ደቂቃ፣ በሳምንት 13 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። ማለት፣ ከሱቁ አጠገብ እየኖረ፣ የነዳጁንም ወጪ እየቻለ፣ ደሴ ኖሮ በሚኒባስ ቢመላለስ ከሚያጠፋው የበለጠ ሰዓት ያጠፋል። ከዚህም የባሰው ሰዓቱ የሚወሰደው ከገበያው ልብ ላይ መሆኑ ነው። የሕንፃ ሥራ ኃላፊዎች ሲሚንቶና ሚስማር ፍለጋ የሚመጡት በማለዳ ነውና፣ በ2 ሰዓት ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ የቆመ ነጋዴ ያንን ገዢ ለጎረቤቱ አሳልፎ ሰጥቶታል። ያው መኪና ያለው አባት ደሴ ቢኖር ግን በሳምንት የሚያጠፋው 8 ሰዓት ብቻ ነው።

ሰዓት ሁሉ እኩል አለመሆኑንም መመልከት ያስፈልጋል። ጎልማሳ ሰው በመንገድ ላይ ስልክ ይደውላል፣ ሒሳብ ያስባል፣ ቢያንስ ይተኛል። የ9 ዓመት ልጅ ግን ብቻውን ሊሄድ አይችልምና የእርሱ ሰዓት ሁልጊዜ የሌላ ሰው ሰዓት ይጨምርበታል። አረጋዊት እናት ለስኳር ወይም ለደም ግፊት በየወሩ ሆስፒታል የምትመላለስ ከሆነም እንዲሁ ነው፤ አንድ ሰው ሥራውን ጥሎ ይዟት ይወጣል። ስለዚህ በቤቱ ምርጫ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ብቻውን ለመሄድ የማይችለው ሰው የት የት እንደሚሄድ ነው። ይህ ከታወቀ የቀረው ሁሉ ይቀላል።

ይህን ያነበበ ሰው ደሴ ሁልጊዜ ይሻላል ብሎ እንዳይደመድም። ሚስት ከባልዋ ጋር በሱቁ የምትሠራ፣ ልጆቹም ገና ሕፃናት ሆነው በኮምቦልቻ በቅርብ የሚማሩ ከሆነ ሒሳቡ ተገልብጦ ኮምቦልቻን ይመርጣል። ዕቃው በደረቅ ወደቡ የሚደርስለትና ዘወትር ከጉምሩክ ጋር የሚገናኝ አስመጪም እንዲሁ ነው። ሰኞ ሰኞ ወደ ባቲ ገበያ የሚወርድ ነጋዴ ከደሴ ሲነሣ ዳገቱን በከንቱ ይጨምራል። በተቃራኒው መደብሩ በደሴ ፒያሳ ሆኖ ባለቤቱ በኢንዱስትሪው ፓርክ የምትሠራ ሰው አለ፤ በዚህ ጊዜ የምትወርደው እርስዋ ናት፤ የሥራ ፈረቃዋም በማለዳ የሚጀምር ከሆነ ከደሴ የምትነሣው በጨለማ ይሆናል።

ሦስተኛው መንገድ አባትየው በኮምቦልቻ አንድ ክፍል ተከራይቶ በሳምንቱ መጨረሻ ብቻ ወደ ደሴ መውጣቱ ነው። ይህም በወረቀት ላይ ትርፍ ያሳያል፤ 13 ሰዓቱ ወደ 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይወርዳል። ነገር ግን ሁለት ምድጃ፣ ሁለት ዘይት፣ ሁለት ኪራይ ይጠይቃል፤ ልጁም የቤት ሥራውን ለአባቱ በስልክ ያነባል። ለአንድ ክረምት ወይም አዲስ ሱቅ እስኪቋቋም ድረስ ካልሆነ በቀር የሚመከር አይደለም። በገዛ ቤቱ እንግዳ የሆነ ሰው ወንበሩ የት እንደ ተዛወረ እንኳ አያውቅም።

የመንገዱም ጠባይ ከደቂቃው እኩል መታሰብ አለበት። በክረምት የደሴ ጭጋግ ወርዶ መንገዱን ሲሸፍነው 40 ደቂቃ የተባለው እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ተሳቢ በጥምዝ ላይ ቢበላሽም ሰልፉ ረዥም ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ሁለቱ ከተሞች ሲደርስ፣ እስከ ኅዳር 27 ቀንም ድረስ ከመንግሥት እጅ ወጥተው ሲቆዩ፣ ቤተሰብ በዳገቱ ላይና ታች መከፈሉ ምን ማለት እንደሆነ ለሁሉም ታይቷል። እንዲህ ያለው ቀን በሒሳብ አይገባም፤ ነገር ግን ሕፃናቱ ከወላጆች ቢያንስ ከአንዱ ጋር በአንድ ከተማ መዋላቸው ዋጋ እንዳለው ያመለክታል። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ እንዲሄድ ግንባታው በ2007 ዓ.ም. የተጀመረው የባቡር መሥመርም በብዙዎች ወሬ ውስጥ ይነሣል። ባቡር ፉጨቱ እስኪሰማ ድረስ በቤት ምርጫ ሒሳብ ውስጥ ቦታ ሊሰጠው አይገባም።

በአዲስ አበባ ይኸው ጉዳይ በሰፊው ታይቷል። በ1997 ዓ.ም. ለጋራ መኖሪያ ቤት የተመዘገበው ሕዝብ ቤቱን ያገኘው በዕጣ ነውና ሥራው መርካቶ የሆነው ሰው የካ አባዶ፣ ልጆቹ ፒያሳ የሚማሩለት ሰው ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ ደረሰው። ከእነዚህ ውስጥ የደረሰውን ቤት አከራይቶ በሥራው አቅራቢያ ለራሱ ሌላ ቤት የተከራየ ጥቂት አይደለም። ላይ ላዩን ሲታይ ሞኝነት ይመስላል፤ የመንገዱ ሰዓት ሲታሰብ ግን ብልህ ነጋዴ የሚያደርገው ነው።

በውጭ አገርም ሊቃውንት ነገሩን መርምረውታል። ጣሊያናዊው ቼዛሬ ማርኬቲ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው ጽሑፍ ሰው በእግሩም ቢሄድ በመኪና በቀን ለጉዞ የሚያውለው ጊዜ ከአንድ ሰዓት ብዙም እንደማይርቅ፣ መጓጓዣው ሲፈጥን ሰዓቱን ከማትረፍ ይልቅ ርቆ እንደሚሰፍር አስረድቷል። በስዊስ አገር ዙሪክ የነበሩት ብሩኖ ፍራይና አሎይስ ስቱትዘር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 የጀርመንን ቤተሰቦች መረጃ መርምረው፣ ረዥም መንገድ የሚመላለስ ሰው በደመወዝ ወይም በቤት ርካሽነት የሚያገኘው ጥቅም የጉዞውን ድካም እንደማይክስለት ጽፈዋል። በዚህም ሚዛን የእኛው ነጋዴ 130 ደቂቃ ማርኬቲ ከጻፈው ከእጥፍ በላይ ነው።

የልጆቹም ዕድሜ ሒሳቡን ይለውጠዋል። ዛሬ መዋዕለ ሕፃናት ያለው ልጅ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሁለተኛ ደረጃ ይገባል፤ ከዚያም በኋላ ምናልባት ወደ ኮምቦልቻው ኢንስቲትዩት ይወርዳል። በዚህ የተነሣ ልጆቹ ትንንሽ የሆኑለት ነጋዴ ገንዘቡን ሁሉ በአንዱ ከተማ በግንብ ከመቅበር ይልቅ በኪራይ ቆይቶ፣ ያንኑ ገንዘብ በዕቃ ላይ ቢያዞረው ይሻለዋል። ብዙ ሽማግሌዎች በዚህ አይስማሙም፤ የራስ ቤት የራስ ነው ይላሉ፤ እነርሱ ቤት ሲሠሩ ግን ሱቁም ትምህርት ቤቱም አንድ መንደር ውስጥ ነበረ።

የሱቅ ሠራተኛም በዚሁ ሚዛን ሊታይ ይገባል። በኮምቦልቻ መደብር ቁልፍ የሚይዘው ልጅ ደሴ ከሆነ ቤቱ፣ ሱቁ የሚከፈተው ሚኒባሱ ሲሞላ ነው። ለእርሱ የሚጨመረው የቤት ኪራይ ድጎማ ዘግይቶ በመከፈት ከሚታጣው ገበያ ያነሰ መሆኑን ባለቤቱ በአንድ ወር ምልክት ሊያረጋግጥ ይችላል።

አዲስ ቤት ለመከራየት የሚያስብ ሰው ውሉን ከመፈረሙ በፊት መንገዱን ሁለት ጊዜ ራሱ ቢሄደው መልካም ነው፤ አንድ ጊዜ ሰኞ ማለዳ ከልጁ ጋር ሚኒባስ ተሳፍሮ፣ አንድ ጊዜ በነሐሴ ዝናብ ዓርብ ማታ ሱቁን ከዘጋ በኋላ። ሰዓቱንም ከቤቱ ደጃፍ እስከ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ይያዝ፤ ከመናኸሪያ እስከ መናኸሪያ አይሁን። ይህንንም ለልጆቹ የትምህርት ቤት ምዝገባ ገንዘብ ከመክፈሉ አስቀድሞ ማድረግ ይኖርበታል፤ አንድ ጊዜ ከተከፈለ በኋላ ቤቱ ለትምህርት ቤቱ ሲባል ይመረጣል እንጂ ትምህርት ቤቱ ለቤቱ ሲባል አይለወጥም።