ኩራት እራት አይሆንም



በአገራችን «ኩራት እራት ነው» ይባላል። የሰው ፊት ከማየት ጦም ማደር እንደ ክብር ይቆጠራል። ላሊበላን በከበቡት የላስታ ደጋዎች ይህ አባባል ፈተና ላይ ይወድቃል። መሬቱ ተዳፋትና የተሸረሸረ ነው። ዝናቡ ሲዛባ ጎተራው አዲሱ ገብስ ሳይደርስ ይራቆታል። አባወራው ግን «ገበናዬ አይውጣ» ብሎ ዝም ካለ በመጀመሪያ በጉን፣ ከዚያም የእርሻ በሬውን ይሸጣል። በሬውን የሸጠ ገበሬ በቀጣዩ ዓመት በምን ያርሳል? በከተማውም የቱሪስቱ ገቢ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በጦርነት ሲቋረጥ፣ ሰደቃ መስጠት የለመደ እጅ ለመቀበል መዘርጋቱ ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም።

ለመሆኑ ዲናችን ምን ያስተምረናል? አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 273፣ ከልመና በመቆጠባቸው የማያውቃቸው ሰው ሀብታም ናቸው ብሎ የሚያስባቸውን ድሆች ያነሳል። ይህን ያነሳልን እነርሱ እንዲራቡ ሳይሆን እኛ ፈልገን እንድንደርስላቸው ነው። እንግዲህ ቁጥብነትና ኩራት ይለያያሉ። ቁጥብነት አለመለመን ነው፤ ኩራት ግን አላህ የላከውን መመለስ ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ለዑመር (ረ.ዐ.) ገንዘብ ሲሰጡት ከእርሱ ይበልጥ ለተቸገረ እንዲሰጡለት ጠይቆ ነበር። እርሳቸው ግን ሳይጓጓለትና ሳይጠይቅ የመጣለትን እንዲቀበል አዘዙት። ይህ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ዘካም ቢሆን የሰጪው ችሮታ አይደለም፤ በሱረቱ ተውባ አንቀጽ 60 ለድሃውና ለሚስኪኑ የተደነገገ ድርሻ ነው። ድርሻውን የተቀበለ ሰው በምን ያፍራል?

ሌላ እምነት ያለው ጎረቤት የሚያመጣውስ? ባለጸጋው ነጋዴ ዑስማን ቢን ዐፋንና ባለቤቱ፣ የነቢዩ ልጅ ሩቂያ (ረ.ዐ.)፣ በ615 እ.ኤ.አ. ወደ ሐበሻ ተሰደው በክርስቲያኑ ንጉሥ ጥላ ሥር አርፈዋል። በዚህም ክብራቸው አልጎደለም። በላስታም ክርስቲያን ጎረቤት በቁና የሚሰፍረው ገብስ ከአላህ ዘንድ የመጣ ሲሳይ ነው።

ወንድሞችና እህቶች! ቤተሰብን መቀለብ በአባወራው ላይ ግዴታ ነው። በራሱ ረሃብ ቢኮራ እንኳ በልጆቹ ረሃብ ሊኮራ አይችልም። ስለዚህ በሬው ገበያ ሳይወጣ በፊት ለአንድ ታማኝ ሰው፣ ለመስጂዱ ኢማም ወይም ለቅሬው ዳኛ ችግሩን ይንገር። የእርከን ሥራ ከተገኘም ሠርቶ ያግኝ፤ ሠርቶ መብላት ከሁሉ ይበልጣል።

ሰጪዎችም አደራ አለብን። በሰው ፊት አሰልፈን የሰጠነው እህል የተቀባዩን ፊት ያጠቁራል። በምሽት፣ በጓሮ በር፣ ስም ሳንጠራ እናድርስ። አላህ ሳንኮራ የምንቀበል፣ ሳንመጻደቅም የምንሰጥ ያድርገን። አሚን!