በእሸት ብር የተገዛ ሱቅ

ዛሬ ቅዳሜ ስለሆነ ከኒውዮርክም ከምርት ገበያም አዲስ ዋጋ የለም። በሳምንቱ ውስጥ በውስጥ መስመር ከመጡልኝ ጥያቄዎች አንዱን ይዤ ረዘም ያለ ነገር ልጻፍ።

ጠያቂው ቡና አቅራቢ ነው፤ ከተማውን አልጠቅስም። እንዲህ ይላል፦ «በ2017 እግዚአብሔር ይመስገን ጥሩ ሠርቻለሁ። ቤተሰቤ ግን እስካሁን በኪራይ ቤት ነው ያለው። ዋናው መንገድ ዳር ሥራ ያቆመ ሱቅ ለሽያጭ ቀርቧል፣ ገዝቼ መኖሪያ ላደርገው አስቤያለሁ። ባንክ ያለኝን ኦቨርድራፍት ብጠቀም ምን ትላለህ?»

መልእክቱን ሳነብ ደነገጥኩ። ምክንያቱም ይህንኑ ነገር፣ በዚሁ ገንዘብ፣ እኔ ራሴ ጅማ ላይ አድርጌዋለሁ።

ጊዜው የካቲት 2013 ነው። ሱቁ ሂርማታ አካባቢ ነበር። ሦስት ባለ ተጣጣፊ እንጨት መዝጊያ በሮች በመንገዱ በኩል፣ ከጀርባው ደግሞ ረጅም መጋዘን። ባለቤቱ ሃጂ ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያ ጀንፈል ሲገዙ የኖሩ ሰው ናቸው። ልጆቻቸው አዲስ አበባ ስለሆኑ ጠቅልለው ሊሄዱ ነበር። ሚዛኑ የሚንጠለጠልበት ብረት አሁንም ጣሪያው ላይ አለ። ግድግዳው ጭቃ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ሽታው ደግሞ ቡና ብቻ። ባለቤቴ ገና እንደገባች «መስኮት የለውም» አለች። እውነትም የለውም፣ ሱቅ መስኮት ምን ያደርግለታል?

ዋጋው 2 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር ነበር። በእጄ 600 ሺህ አለኝ። መጀመሪያ የሄድኩት እንደማንኛውም ሰው የቤት መግዣ ብድር ልጠይቅ ነው። ባንኩ ካርታውን አየና የአገልግሎቱ ዓይነት «ንግድ» ስለሚል በመኖሪያ ቤት ብድር አይስተናገድም አለኝ። ስለዚህ እንደ ንግድ ቤት ይገመት ተባለ። ኢንጂነሩ መጥቶ ለካ፣ ግድግዳውን መታ መታ አደረገና 950 ሺህ ብሎ ጻፈ። እኔ የምገዛው ቦታውን ነው፣ እሱ የሚገምተው ግን ጭቃውን! ከግምቱ 70 በመቶ ብናበድርህ ነው አሉ፣ 665 ሺህ መሆኑ ነው። ያንጊዜ ተናድጄ ወጣሁ፤ አሁን ሳስበው ግን ባንኩ አልዋሸኝም። መሬት በሊዝም ሆነ በነባር ይዞታ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ ለመያዣ የሚቆጠርልህ በዋናነት ላዩ ላይ ያለው ግንባታ ነው። አሮጌ ሱቅ ስትገዛ በምትከፍለውና ባንክ በሚያየው ዋጋ መሀል ሰፊ ገደል አለ። ገደሉን የምትሞላው አንተ ነህ።

አሁን ወደ ዋናው ስህተቴ ልምጣ። ሃጂ የባንኩን ነገር ሲሰሙ ጠሩኝና «ልጄ፣ ግማሹን አሁን ስጠኝ፣ ግማሹን ሁለት ወቅት ቡናህን ሸጠህ ትከፍለኛለህ። ጭማሪ አልፈልግም፣ ወለድ አልበላም» አሉኝ። 1.2 ሚሊዮን አሁን፣ 1.2 ሚሊዮን በኋላ፣ ያውም ያለ ምንም ወለድ። እስኪ እንዲህ ያለ ብድር የትኛው ባንክ ይሰጣል? እኔ ግን እምቢ አልኩ። ሃጂን በገበያ መሀል ባገኘኋቸው ቁጥር ባለዕዳቸው መሆን አሳፈረኝ። ልጆቻቸው ነገ ሐሳባቸውን ያስቀይሯቸዋል ብዬም ሰጋሁ። ስጋቱ መሠረት የለውም አልልም። ግን መፍትሔ ነበረው፦ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 መሠረት በጽሑፍ ተደርጎ ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ፊት ይመዘገባል። የክፍያው ቀን፣ ካርታው የሚዞርበት ሁኔታ፣ የሚስትና የልጆች ፊርማ ሁሉ እዚያው ይገባል። ኩራቴን በውል ማሰር እየቻልኩ በኦቨርድራፍት አሰርኩት።

የኦቨርድራፍት ጣሪያዬ 3 ሚሊዮን ነበር። 1 ሚሊዮን 800 ሺህ አወጣሁ፣ ከራሴ 600 ሺህ ጨመርኩ፣ ለሃጂ ጥሬውን ከፈልኩ። ወለዱ 16 በመቶ፤ በዓመት 288 ሺህ ብር። ይህን አስልቼ ነበር፣ እችለዋለሁም ብያለሁ። ያላሰላሁት ሌላውን ነው። ኦቨርድራፍት የሚሽከረከር ብር ነው። እሸት ትገዛበታለህ፣ አድርቀህ ትሸጣለህ፣ ትመልሳለህ፣ ደግሞ ታወጣለህ። ግድግዳ ውስጥ ከገባ አይሽከረከርም። በዓመቱ መጨረሻ ባንኩ ሊያድስልህ ሲል ሒሳቡ ዜሮ ሲነካ አይቶ አያውቅምና ፊቱን ያጠቁርብሃል።

ሐሳቤ ክረምቱ ሳይወጣ ያንን 1.8 ሚሊዮን ወደ አምስት ዓመት ብድር ማዞር ነበር። ማመልከቻውን ሰኔ ላይ አስገባሁ።

ሐምሌ 13 ቀን 2013 ብራዚል ላይ ውርጭ ወረደ። ይህን ቻናል የምትከታተሉ ታስታውሱታላችሁ። ኒውዮርክ ፓውንዱ ከ1.60 ዶላር አካባቢ ተነስቶ በሳምንት ውስጥ 2 ዶላርን አለፈ። እኔ ደስ አለኝ! ቡና ነጋዴ ዋጋ ሲወጣ የማይደሰት ማን አለ? ነሐሴ ላይ ደግሞ ብሔራዊ ባንክ በንብረት መያዣ የሚሰጥ ብድር ለጊዜው እንዲቆም አዘዘ። ማመልከቻዬ ከነፋይሉ ጠረጴዛ ላይ ቀረ። እገዳው ቆይቶ ተነሳ፤ እሸት ግን አይጠብቅም።

መስከረም ወጣ፣ ጥቅምት ገባ፣ ገበሬው የዓለም ዋጋ ሰምቷል። ባለፈው ዓመት ለኪሎ እሸት ከከፈልኩት እጥፍ ተጠየቅኩ። አሁን ሒሳቡን አብራችሁኝ ስሩ። በ2013 ወቅት በአንድ ዙር 3 ሚሊዮን ከባንክ፣ 600 ሺህ ከራሴ፣ 3.6 ሚሊዮን ብር ይዤ ገበያ ወጥቻለሁ። በ2014 የቀረኝ 1.2 ሚሊዮን ብቻ ነው። ብሩ አንድ ሦስተኛ ሆነ፣ ዋጋው እጥፍ ሆነ፤ በአንድ ዙር የምገዛው ቡና የአምናው አንድ ስድስተኛ። ማድረቂያ አልጋዎቼ ባዶ ተሰለፉ። ለዓመታት እኔን ብቻ ይጠብቁ የነበሩ ገበሬዎች ለሌላው አወረዱ፣ ምን ያድርጉ? የካቲት 2014 ኒውዮርክ 2.50 ሲያልፍ እኔ የምሸጠው ነገር አልነበረኝም። የሃጂን ሐሳብ ተቀብዬ ቢሆን ኖሮ ከኦቨርድራፍቱ 600 ሺህ ብቻ ነበር የማወጣው፣ 2.4 ሚሊዮን ይቀረኝ ነበር፣ የገዛሁትን እጥፍ እገዛ ነበር። ቤቱ ስንት ፈጀብህ ስትሉኝ በብር አልነግራችሁም፣ በፈረሱላ ነው የምቆጥረው።

ባለቤቴ ግን በዚህ አትስማማም፣ የእሷንም ልጻፍ። «በ2015 ምን ሆነ?» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ኅዳር 2015 ላይ ኒውዮርክ ከ1.60 በታች ወርዶ ነበር፣ አገር ውስጥ ያለው ዋጋ ግን አልወረደም። በውድ ገዝተው ያከማቹ ስንቱ ጓደኞቻችን መጋዘን ተዘግቶባቸው ቀረ። «ብሩ ቢኖርህ አንተም ታከማች ነበር፣ አውቅሃለሁ። ቢያንስ ቤቱ አለ» ትላለች። መልስ አላገኘሁላትም።

ወደ ማደሱ። አሮጌ ሱቅን መኖሪያ ማድረግ ማለት ብዙ ሰው እንደሚመስለው ቀለም መቀባት አይደለም። መጸዳጃ ቤት ውስጥ አልነበረም፤ የፍሳሽ ጉድጓድ ከባዶ ተቆፈረ። የጭቃ ግድግዳ መስኮት ሲከፈትበት ጭነቱን አይችልም፣ ዙሪያውን በብሎኬት ማሰር ግድ ሆነ። ቆጣሪው በንግድ ታሪፍ ነበርና ለመኖሪያ ማስቀየሩ ራሱን የቻለ ምልልስ ነው። ለዚህ ሁሉ 300 ሺህ ብዬ ጀምሬ 700 ሺህ ገባበት። የወጪው ግማሽ በዱቤ ነው፣ ለብረት ነጋዴው ዕዳ ለመክፈል የደረቀ ቡና ያለ ጊዜው ሸጫለሁ።

የአገልግሎት ለውጡ ደግሞ ሌላ ትምህርት ሰጠኝ። ማዘጋጃ ቤት ስሄድ በከተማው ፕላን የመንገዱ ዳር «ቅይጥ» ነው፣ ፊቱ ንግድ ሆኖ ይቀጥላል፣ ከጀርባ መኖር ትችላለህ አሉኝ። በወቅቱ አዘንኩ፣ ሙሉውን ቤት ለልጆቼ አስቤው ነበርና። አሁን ያቆመኝ ግን ያ ነው። ከሦስቱ በሮች ሁለቱን ለጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ አከራየሁ፣ መጋዘኑ መኖሪያችን ሆነ። እገዳው ከተነሳ በኋላ ባንኩ 1.8 ሚሊዮኑን ወደ አምስት ዓመት ብድር ሲያዞርልኝ ኪራዩን እንደ መክፈያ ምንጭ ቆጠረልኝ። የወር ክፍያው ወደ 44 ሺህ ብር ነው፣ 15 ሺሁን ኪራዩ ይሸፍናል። የመጨረሻው ክፍያ ሰኔ 2019 ላይ ነው፣ ኢንሻላህ።

ሌላ ያልጠበቅኩት ወጪ ነበር። የሃጂ ካርታ ነባር ይዞታ ነበር። በሊዝ አዋጁ ቁጥር 721 መሠረት ነባር ይዞታ ከውርስ ውጪ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል። የዘመኑ ልክም እንደ አገልግሎቱ ይለያያል፦ ለመኖሪያ 99 ዓመት፣ ከአዲስ አበባ ውጪ ለንግድ 70። በየዓመቱ የምትከፍለው ሊዝ አለ ማለት ነው። የስም ማዞሪያ የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ ነው። የካፒታል ዋጋ እድገት ግብሩ፣ ያኔ 15 በመቶ፣ በሕግ የሻጩ ነው፤ በእኛ አገር ልማድ ግን «ወጪውን በሙሉ ገዢ ይችላል» የሚል መስመር ውሉ ውስጥ ትገኛለች። እኔ ሳላነብ ፈርሜአለሁ። አንተ አንብብ።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ለአንተ። አትግዛ አልልህም፣ ቤተሰብህን ከኪራይ ማውጣት ትልቅ ነገር ነው። ኦቨርድራፍቱን ግን አትንካ። አሁን ያለንበት ጊዜ ደግሞ ከእኔው ይብሳል። ነሐሴ 2015 ላይ የባንኮች የብድር እድገት ጣሪያ ተበጀለት፣ መጀመሪያ 14 በመቶ፣ ታኅሣሥ 2017 ላይ 18 ሆነ። አንዴ የያዝከውን የብድር ጣሪያ ካበላሸህ መልሶ ለማግኘት ወረፋው ረጅም ነው። ቡናውም የዱሮ ቡና አይደለም፤ የካቲት 2017 ላይ ኒውዮርክ ከ4.30 ዶላር በላይ አይተናል፣ ብሩ ደግሞ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ ነው የሚወሰነው። በአንድ ዙር የምትፈልገው መሥሪያ ብር የአምስት ዓመት በፊቱ ብዙ እጥፍ ሆኗል። የአንድ መጥፎ ሳምንት ጉድለት ወቅቱን ሙሉ ያሳጣሃል።

መጀመሪያ ካርታውን ይዘህ ማዘጋጃ ቤት ሂድ፣ ቦታው በፕላን ምን እንደሆነ ሳትከፍል እወቅ። ሱቁ ከባንክ ዕዳና ከፍርድ ቤት እገዳ ነፃ መሆኑንም እዚያው ጠይቅ። የአገልግሎት ለውጥ የሚያስፈልግ ከሆነ ሻጩ በስሙ እያለ ይጀምርልህ። ከዚያ ሻጩን ቁጭ ብለህ አናግር፣ በሁለት ወቅት ይቀበልህ እንደሆነ ጠይቅ። አታፍር። የ2017 ትርፍህን ቅድመ ክፍያ አድርገው፣ የቀረውን በተመዘገበ ውል እሰረው፣ የክፍያውን ቀን ግን ጥቅምትና ኅዳር ላይ እንዳታደርገው። ሚያዝያና ግንቦት ይሻልሃል፣ ያኔ ቡናህ ተሸጦ ብር በእጅህ ነው።

ሃጂ አሁንም ሲደውሉልኝ ስለ ቤቱ ሳይሆን ስለ ጀንፈል ዋጋ ነው የሚጠይቁኝ። ሐሙስ ሐሙስ የሂርማታ ገበያ ሲሆን ደግሞ ከሩቅ የመጡ አንዳንድ ገበሬዎች ቤቱ መኖሪያ መሆኑን ሳይሰሙ ገና ጎህ ሲቀድ ሦስተኛውን በር ያንኳኳሉ፣ ጆንያ ተሸክመው። ልጄ በፒጃማ ወጥታ «እዚህ ቡና አይገዛም» ትላለች። እኔ ከኋላ ተነስቼ ዋጋውን እጠይቃቸዋለሁ።

ሰኞ ጠዋት በተለመደው ሰዓት በዋጋው እንገናኝ። መልካም ሰንበት።