ባዶ እጁን የተገኘው እንደራሴ፦ የመረጃ ቋት ፕሮግራሞችን የሚያሳስት ስውር ስሕተት

በአንድ ገንዘብ አስተላላፊ ድርጅት ፕሮግራም ላይ የሚከተለው ደረሰ ይባል። ባልና ሚስት ወደ አገር ቤት በቀን በጋራ ከ3000 ዶላር በላይ እንዳይልኩ ገደብ ተቀምጦላቸዋል። ሚስት ጠዋት 2800 ዶላር ላከች። ባል ከሰዓት በኋላ 500 ዶላር ለመላክ ሲሞክር ፕሮግራሙ ሊያግደው ይገባ ነበር፤ ነገር ግን አሳለፈው። መዝገቡ ሲመረመር 2800 ዶላሩ በስፍራው ተጽፎ ይገኛል። የሁለቱን ድምር የሚያሰላው የኮድ መሥመርም ቢነበብ እንከን አይወጣለትም፤ የባልን የዕለት ድምር ከሚስት የዕለት ድምር ጋር ይደምራል፣ ሌላ ነገር የለውም። ሆኖም ፕሮግራሙ የሚስትን ድምር ሲመለከት ያገኘው ቁጥር ዜሮ ነበር።

ምሳሌው ይሁነኝ ተብሎ የተሠራ ቢሆንም ስሕተቱ እውነተኛ ነው። በጃቫ ወይም በሲ ሻርፕ ቋንቋ ፕሮግራም የሚጽፉ ብዙዎች በአንድ ወቅት ተሰናክለውበታል። መንሥኤውን ለመረዳት ግን ከመረጃ ቋቱና ከፕሮግራሙ መካከል የቆመውን አስተርጓሚ ማወቅ ያስፈልጋል።

የመረጃ ቋት የሚያውቀው ሠንጠረዥን፣ ረድፍንና ዓምድን ነው። ፕሮግራሙ በበኩሉ የሚያስበው በኦብጀክት ነው፤ ላኪ፣ ተቀባይ፣ ቅርንጫፍ እያለ እያንዳንዱን ራሱን እንደቻለ አካል ይይዛል። አንዱን ወደ ሌላው የሚመልሰው መሣሪያ ኦ አር ኤም ይባላል። በጃቫ ዓለም ስመ ጥር የሆነው ሃይበርኔት እ.ኤ.አ. በ2001 በጋቪን ኪንግ ተጀመረ፤ ኤንሃይበርኔት የተሰኘው ደግሞ የእርሱ የዶት ኔት ወንድም ነው።

አስተርጓሚው ከመጀመሪያው አንድ ችግር ይገጥመዋል። ላኪው ከትዳር ጓደኛው ጋር፣ የትዳር ጓደኛው ከላከችላቸው ተቀባዮች ጋር፣ ተቀባዮቹ ከባንክ ቅርንጫፎች ጋር የተያያዙ ናቸው። አንዱን ላኪ ለማንበብ ሁሉንም ማምጣት ግድ ከሆነ፣ አንድ ክር ሲሳብ ጋቢው በሙሉ እንደሚተረተር ሁሉ የመረጃ ቋቱ ግማሽ ወደ ኮምፒውተሩ ማኅደረ ትውስታ ይጎርፋል። ስለዚህ መሣሪያው የተጠየቀውን ብቻ ያመጣል፤ የቀረውን እስኪፈለግ ድረስ ያቆያል። የሙያው ሰዎች ይህን ሌዚ ሎዲንግ ይሉታል፣ ሰነፍ አጫጫን እንደ ማለት ነው። ስሙ ስንፍና ይሁን እንጂ ግብሩ ቁጠባ ነው።

ታዲያ ገና ያልመጣችው ሚስት ስፍራ ባዶ ሊሆን አይችልም፤ በእርሷ ፈንታ አንድ ነገር መቀመጥ አለበት። የሚቀመጠውን ፕሮክሲ ይሉታል። አማርኛ ለዚህ የተዘጋጀ የሚመስል የቆየ የሹመት ቃል አለው፦ እንደራሴ። እንደራሴው የባለቤቱን መልክ ይዞ ይቀመጣል፤ በስሙ ይጠራል፤ ጥያቄ ሲቀርብለት ግን መልሱን ከራሱ አያወጣም፣ ወደ ባለቤቱ ሄዶ ጠይቆ ያመጣል እንጂ።

እንደራሴው የሚሠራው ፕሮግራሙ እየሄደ ሳለ ነው። መሣሪያው «ላኪ» ከተባለው ክላስ የሚወለድ ልጅ ክላስ በቅጽበት ይፈጥርና የወላጁን ሜተዶች አንድ በአንድ በራሱ ይተካል። ከእነዚህ ሜተዶች አንዱ በተጠራ ጊዜ ልጁ ጥሪውን ይጠልፋል፤ መለያ ቁጥሩን ይዞ ወደ መረጃ ቋቱ ይሄዳል፤ እውነተኛውን ኦብጀክት አምጥቶ በውስጡ ያኖራል፤ ጥሪውንም ለእርሱ ያስተላልፋል። ልጁ ከወላጁ የወረሳቸው የመረጃ መያዣዎች ማለትም ስም፣ ስልክና የዕለት ድምር ግን በእጁ ላይ እንዳሉ ባዶ ናቸው። እውነተኛው ኦብጀክት ከመጣ በኋላም አይሞሉም፤ መረጃው ያለው በውስጥ በተቀመጠው ኦብጀክት ላይ ነውና።

የዜሮው ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። የጃቫና የሲ ሻርፕ ሕግ የክላስን አባላት ማን ሊያያቸው እንደሚችል በደረጃ ይከፍላል፦ ፐብሊክ ለሁሉ የተገለጠ፣ ፕሮቴክትድ ለልጅ ክላስም የሚታይ፣ ፕራይቬት ከክላሱ ውጭ ለማንም የማይታይ። ብዙ ጀማሪዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ፤ ፕራይቬት የሚከልለው ክላስን ከክላስ እንጂ ኦብጀክትን ከኦብጀክት አይደለም። ባልና ሚስት ሁለቱም «ላኪ» ስለሆኑ የባል ኮድ የሚስትን ፕራይቬት መያዣ ያለ ከልካይ እጁን ሰድዶ ማንበብ ይችላል። መያዣን በቀጥታ ማንበብ የሜተድ ጥሪ አይደለም፤ ስለዚህም እንደራሴው የሚጠልፈው ነገር የለም። ጥያቄ አልቀረበለትም፤ ኪሱ ብቻ ተፈተሸ፣ ኪሱም ባዶ ነበር። ፕራይቬት ሜተድን በሌላው ኦብጀክት ላይ መጥራትም ውጤቱ ያው ነው፤ ልጅ ክላስ የማይታየውን ሜተድ ሊተካ አይችልምና።

ስሕተቱን አስቸጋሪ የሚያደርገው ሁልጊዜ አለመታየቱ ነው። የሚስት መረጃ በዚያው የሥራ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ቀደም ብሎ በሌላ ምክንያት ተነብቦ ከነበረ፣ ሃይበርኔት እንደራሴ ሳያቆም እውነተኛውን ኦብጀክት ይሰጣል፤ ድምሩም ልክ ይሆናል። ፕሮግራሙን ለመፈተን የሚጻፉ ኮዶችም ኦብጀክቶቹን በእጃቸው ስለሚፈጥሩ እንደራሴ የሚባል ነገር አያጋጥማቸውም። ፈተናው ሁሉ አልፎ ስሕተቱ በደንበኛ ፊት ይወጣል።

መመርመሪያው ግን ቀላል ነው። አንድን መረጃ በሁለት መንገድ መጠየቅ ነው፦ አንድ ጊዜ መያዣውን በቀጥታ በማንበብ፣ ሌላ ጊዜ ፐብሊክ በሆነ ሜተድ በኩል። ቀጥታው ዜሮ፣ ሜተዱ 2800 ካለ፣ ፊት ለፊት የቆመው እንደራሴ ነው። የኦብጀክቱን የክላስ ስም ማሳተምም ይረዳል፤ ከ«ላኪ» ኋላ ማንም ያልጻፈው ረጅም ቅጥያ ተቀጥሎ ይታያል። በስሕተት መፈለጊያ መሣሪያ መስኮት ላይ የሚታዩ ባዶ መያዣዎችን አይቶ «መረጃው ጠፍቷል» ብሎ መደምደም ግን ለሌላ ስሕተት ይዳርጋል፤ የእንደራሴ መያዣ ባዶ መሆኑ ባሕርዩ ነው።

መድኃኒቱ ከአንድ መሥመር አይበልጥም፦ በሌላው ኦብጀክት ላይ መያዣን አለመንካት፣ በፐብሊክ ወይም በፕሮቴክትድ ሜተድ መጠየቅ። በ2006 የወጣው የጃቫ መደበኛ ደንብ፣ ጄፒኤ፣ የአንድን ኦብጀክት መያዣ ራሱ ኦብጀክቱ ብቻ በራሱ ሜተድ ውስጥ እንዲነካ ያዝዛል። ደንቡን የሚያነብ ጥቂት ነው። ሁለት ኦብጀክቶች እኩል መሆናቸውን የሚወስነው «ኢኩዋልስ» የተባለ ሜተድ ደንቡ አብዝቶ የሚጣስበት ስፍራ ነው፤ መለያ ቁጥርን ከእንደራሴ መያዣ በቀጥታ ሲያነብ አንዱን ሰው ሁለት ሰው ያደርገዋል።

ሜተዱ የሚታይ መሆኑ ብቻውን አይበቃም፤ የሚተካም መሆን አለበት። በጃቫ ሜተድ «ፋይናል» ካልተባለ በቀር ይተካል። በሲ ሻርፕ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ «ቨርቹዋል» ካልተባለ አይተካም። ስለዚህ ኤንሃይበርኔት ገና ሲነሣ ክላሶቹን ይመረምራል፤ ፐብሊክ ሆኖ ቨርቹዋል ያልሆነ አባል ካገኘ ስሙን ጠቅሶ ሥራ አልጀምርም ይላል። ማስጠንቀቂያው የሰለቸው ሰው አባሉን ፕራይቬት አድርጎ ዝም ያሰኘዋል። ምርመራው ያልፋል፤ ያ አባል በሌላ ኦብጀክት ላይ የሚነካ ከሆነ ግን ስሕተቱ ጮኾ ከሚወድቅበት ደጃፍ ተነሥቶ ዝም ብሎ ወደሚሠራበት ጓዳ ይገባል። ይህ ከመጀመሪያው የባሰ ነው። በኮትሊን ቋንቋ ደግሞ ክላሱም ሜተዱም ካልተከፈተ በቀር የተዘጋ ነው፤ ለዚህ ሲባል «ኦል ኦፕን» የተሰኘ ተጨማሪ መሣሪያ ተዘጋጅቷል።

ከመረጃ ቋቱ ጋር ያለው ክፍለ ጊዜ ከተዘጋ በኋላ እንደራሴው ሲጠየቅ የሚወረውረው ስሕተት የዚህ ቤተሰብ ጨዋ አባል ነው፤ ቢያንስ ይናገራል። እርሱን ፈርቶ ሁሉን ነገር አስቀድሞ መጫን ግን ወደ ተተረተረው ጋቢ ይመልሳል። የሚሻለው ለያንዳንዱ ሥራ የሚያስፈልገውን ለይቶ በአንድ ጥያቄ ማምጣት ነው። የገደብ ምርመራው ባልን ሲያነብ ሚስትንም አብሮ ቢያነብ፣ እንደራሴ ማቆም ባላስፈለገ ነበር።

ሌላም መንገድ አለ። ማርቲን ፋውለር በ2002 ባሳተመው የሶፍትዌር አሠራር መጽሐፍ ሰነፍ አጫጫንን በአራት ዓይነት ሲከፍል አንዱን «መንፈስ» ብሎታል፤ በሌላ ሰው ፈንታ የሚቆም ሳይሆን ራሱ ባለቤቱ ባዶ ሆኖ ተቀምጦ፣ ሲነካ የሚሞላ ነው። ሃይበርኔት ኮዱ በሚገነባበት ጊዜ ክላሱን ራሱን በማሻሻል ወደዚህ የቀረበ አሠራር ይፈቅዳል፤ የመያዣ ንባብም ያን ጊዜ ይጠለፋል። በ2024 መጨረሻ የወጣው ፒኤችፒ 8.4 ደግሞ ይህን ችሎታ በቋንቋው ውስጥ አካትቶታል፤ ፕራይቬት መያዣ ሲነበብ እንኳ ኦብጀክቱ ይሞላል፣ ልጅ ክላስ መፍጠርም አያስፈልግም። በጃቫና በሲ ሻርፕ ለተጻፉት ነባር ፕሮግራሞች ግን እንደራሴው አሁንም በስፍራው አለ።